«ደስ አለኝ»፦ ደስታ በዕለት ተዕለት ኑሯችን

 

የዛሬውን ርእስ የመረጠልኝ አንድ ተማሪ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሥነ ምግባር ፍልስፍና ክፍለ ጊዜ፣ አርስቶትል ስለ ደስታ የጻፈውን አስረድቼ ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ ይህ ደስታ የሚሉት ነገር ለእኛም ነው ወይስ ለሌላ አገር ሰው ብቻ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። እኔም ከመጽሐፍ የቀዳሁትን መልስ ሰጠሁትና ወደ ቀጣዩ ነጥብ አለፍሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ልጁ ከጉና ተራራ ግርጌ የመጣ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንትና ወደ ጉና በተቃረበ ጊዜ ቤተሰቡ ከብቱንና በማሳ ላይ የነበረውን ሰብል ትቶ ከቀየው ወጥቶ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ የሰጠሁት መልስ አሳፈረኝ። ልጁ የጠየቀኝ ለፈተና የሚሆን ነገር አልነበረም። ዛሬ የምናገረው ያን ዕለት ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንግባባ። ደስታ ስል ሳቅና ጨዋታን ብቻ ማለቴ አይደለም። አርስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው ሥራው የተመራመረበት ደስታ የአንድ ቀን ስሜት ሳይሆን የአንድ ሕይወት አኗኗር ነው። ሰው በጎ ጠባይን ገንዘብ አድርጎ፣ የተሰጠውን ችሎታ በሥራ ላይ አውሎ፣ ዕድሜውን በመልካም ሲኖር ደስተኛ ይባላል። ይህ መጽሐፍ ዐሥር ክፍሎች አሉት። ከዐሥሩ ሁለቱ፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው፣ የተጻፉት ስለ ወዳጅነት ነው። ስለ ደስታ የሚመረምር ሰው ከሥራው አንድ አምስተኛውን ለወዳጅነት መስጠቱን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በእኛ ዘመን ደግሞ ደስታ የመንግሥታት ጉዳይ ሆኗል። በቡታን አሳሳቢነት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጋቢት 11 ቀን ዓለም አቀፍ የደስታ ቀን እንዲሆን ወስኗል። በዚያው ዓመት «የዓለም የደስታ ሪፖርት» መታተም ጀመረ። መለኪያው ቀላል ነው። ተጠያቂው እርከኖቹ ከ0 እስከ 10 የሚቆጠሩ መሰላል እንዲያስብ ይደረጋል። ከላይ ያለው እርከን ለእርሱ ሊኖር የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ሕይወት፣ ከታች ያለው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዛሬ በየትኛው እርከን ላይ እንደቆመ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፊንላንድ በተከታታይ አንደኛ ስትሆን ቆይታለች። እኛ ታች ነን። ተማሪዬ «ለሌላ አገር ሰው ብቻ ነወይ?» ቢል በዚህ መለኪያ አልተሳሳተም።

ነገር ግን ሪፖርቱ በአገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት የሚጠቀምባቸውን ስድስት ነገሮች እንይ፦ ገቢ፣ በጤና የሚኖሩት ዕድሜ፣ በችግር ጊዜ የሚደርስ ሰው መኖሩ፣ በራስ ሕይወት ላይ የመወሰን ነጻነት፣ ለጋስነት፣ የሙስና አለመኖር። ከስድስቱ ሁለቱ፣ ደራሽ ማግኘትና ለጋስነት፣ በቀጥታ የሰውና የሰው ጉዳዮች ናቸው። ገንዘብና መድኃኒት ከሌላ አገር በብድርም በእርዳታም ይመጣሉ። ደራሽ ሰውን ግን ከውጭ ማስገባት አይቻልም።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ። «ደስ አለኝ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንናገረዋለን፤ አሠራሩን ግን ብዙም አናስተውልም። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። «በላሁ»፣ «ሄድሁ»፣ «አረስሁ» ስል አድራጊው እኔ ነኝ። «ደስ አለኝ» ስል ግን አንድ ነገር መጥቶ አገኘኝ፤ እኔ በመጨረሻዋ «ኝ» ውስጥ ተቀባይ ሆኜ ተቀምጫለሁ። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ናፈቀኝ»፣ «ከፋኝ» እንደምንለው ነው። «ደስ አልሁ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሰው ብርድን ጠርቶ እንደማያመጣው ሁሉ ደስታንም በትእዛዝ አያመጣውም። ቃሉን ወደ አድራጊነት ልናዞረው ብንሻ ግን መንገድ አለ፦ «ደስ አሰኘሁት»፣ «ደስ አሰኘኋት» እንላለን። ለራሴ ላደርገው ያልቻልሁትን ለሌላው ላደርገው እችላለሁ ማለት ነው።

«ተደሰትሁ» የሚል ቃል መኖሩን አውቃለሁ፤ የሰዋስው መምህራን ባልደረቦቼም ያርሙኛል። ሰዋስው ብቻውን የፍልስፍና ማስረጃ እንደማይሆንም አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ሕዝብ ለረጅም ዘመን አንድን ነገር የሚናገርበት መንገድ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጩን ይዘን ተመራማሪዎች ያገኙትን ብናይ በእጅጉ ይገጣጠማል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ብሪክማን የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ባለ ሎተሪዎቹ ከሌሎቹ ይልቅ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ከወዳጅ ጋር መጫወትን፣ ቁርስ መብላትን የመሳሰለው የየቀኑ ትንሽ ነገር የሚሰጣቸው እርካታ ያነሰ ነበር። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ድምዳሜውን ከሚገባው በላይ መዘርጋት አይገባም። ሆኖም የጠቆመውን ነገር ሁላችንም በቤታችን እናውቀዋለን። አዲስ የቆርቆሮ ጣራ የሚያስደስተው ለስንት ወር ነው? አዲሱ ስልክስ? ሰው ይለምዳል፤ የለመደውን አያየውም።

ሌላው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1938 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ነው። ተመራማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የተውጣጡ ወጣቶችን እስከ እርጅና ድረስ ተከትለዋቸዋል። ከሀብትና ከዝና ይልቅ የሰዎቹን ደኅንነት በእርጅና ዘመናቸው በተሻለ ያመለከተው ከቤተሰብ፣ ከወዳጅና ከጎረቤት ጋር የነበራቸው የሞቀ ግንኙነት ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ኤልዛቤት ደን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ሰጥታ፣ ግማሾቹ ለራሳቸው፣ ግማሾቹ ለሌላ ሰው እንዲያውሉት አደረገች። ሲመሽ የበለጠ ደስ ያላቸው ለሌላው ያዋሉት ነበሩ፤ የገንዘቡ መጠን ግን ለውጥ አላመጣም። ቋንቋችን «ደስ አሰኘሁት» ሲል የጠቆመንን እነርሱ በሙከራ አገኙት።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፌን አቅርቤ ያለፍሁት ከአገር ውጭ ሆኜ ነው። ለዓመታት የተመኘሁት ቀን ነበር። መርማሪዎቹ እጄን ጨብጠው ከሸኙኝ በኋላ ወደ ተከራየሁት ክፍል ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁና ደስታውን ጠበቅሁት። አልመጣም። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነበር። ሲመሽ እናቴ ዘንድ ደወልሁ። ነገሩን እንደነገርኋት እልልታዋን አቀለጠችው፤ እልልታው ጎረቤት ጠራ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ አንዱ «እንኳን ደስ አለህ» ሲል፣ እናቴ ከበስተኋላ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እያለች ስትመልስ ሰማሁ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ያገኘሁት ማዕርግ ጠዋትም ያው ነበር፤ የተጨመረው የሚካፈለው ሰው ነው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» የሚለውን መልስ ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? አንዱ «ደስታው ያንተ ነው» ብሎ ሲመጣ ሌላው «የለም፣ የሁላችንም ነው» ብሎ ይመልስለታል። ይህን ያህል ጠሊቅ ሐሳብ በየደጃፉ እየተለዋወጥን «ደስታ ለእኛም ነው ወይ?» ብለን መጠየቃችን ሊገርመን ይገባል።

የአገራችን ኑሮ ይህን ሐሳብ በቃል ብቻ አልተወውም፤ ሥርዐት አድርጎታል። የፋርጣ ገበሬ ገብሱን የሚያጭደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ። በደቦ የተሠራ ሥራ በብቻ ከተሠራው የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ሰው እየሠራ ይዘፍናል፣ ይፎካከራል፣ ይቀልዳል። ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚፈላው ጥሙ አንድ ጊዜ ስለማይቆርጥ አይደለም፤ ጨዋታው ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ሎሚው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀኝ፣ ለደስታ የሚሰበሰበውና ለሐዘን የሚሰበሰበው ሰው አንድ መሆኑ ነው። በሠርጉ ዳስ የጣለው ሰው በለቅሶውም ድንኳን ይተክላል። እድር የተቋቋመው ለሐዘን ነው፤ ነገር ግን እድርተኛ መሆን በራሱ ሰው በደኅና ቀኑም እንዳይፈራ ያደርገዋል። ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንደማይሸከም ሲያውቅ ደስታውን ሳይሰጋ ሊኖረው ይችላል።

ይህን ስል ግን የአገሬን ኑሮ በማር የተቀባ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ሁለት ከባድ ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው «የማን ደስታ?» የሚለው ነው። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ በሚጨዋወትበት ሰዓት ጠላውን የጠመቀችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ውኃውን በጀርባዋ ያመጣችው ሴት የት ናት? ሠርግና ተዝካር ሲደገስ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ለዓመታት ዕዳ የሚከፍለውስ? የሚደግሰው ደስ ብሎት ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞት? አብሮ መኖር የደስታ ምንጭ የሚሆነው ሸክሙም አብሮ ሲከፈል ነው። አንዱ ሁልጊዜ ተሸካሚ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀማጭ ከሆነ «አብሮ ደስ አለን» ማለት ሐሰት ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ከውጭ የመጣብን አይደለም፤ ከራሳችን መሬት የበቀለ ነው። በዞናችን በፎገራ ወረዳ የሚገኘውን የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ታውቁታላችሁ። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ የወንድና የሴት የሥራ ክፍፍል፣ የደካሞች ጧሪ ማጣት፣ የሰው በሰው ላይ መጨከን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዳሳሰበው ሲናገር ኖሯል። በማኅበረሰቡ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በጋራ ይጦራሉ፤ የቤተሰብ አባላት ልጆችን ጨምሮ ተቀምጠው ይወያያሉ፤ የተንዛዛ ድግስ የለም። ለዚህ አኗኗራቸው በጎረቤት ተጠልተው፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ቀያቸውን ለቀው ተሰደው፣ ኋላም ተመልሰዋል። በሃይማኖት ረገድ የሚከተሉትን መንገድ ብዙዎቻችሁ እንደማትቀበሉት አውቃለሁ፤ እንድትቀበሉትም አልጠይቅም። አንዱን ቁም ነገር ግን ልንማረው እንችላለን። የሴቲቱን እንስራ ወንዱ ሲያነሣላት በቤቱ ውስጥ ያለው ደስታ አይቀንስም።

ከዚህ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የምትገኘው እንፍራዝ የተነሣችበት «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብም» ወደዚሁ ሐሳብ ይመራናል። መጽሐፉን የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ጻፈው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በበጌምድር ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ጻፈው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ዛሬም እኔ አልዘጋውም። ማንም ይጻፈው፣ ባለታሪኩ የጌታውን አገልጋይ ኂሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ይናገራል። በእጅ ሥራ መኖርን፣ ትዳርንና ልጅ ማሳደግን ከፈጣሪ የተሰጠ መልካም ነገር አድርጎ ይቆጥራል። ደስታን ከኑሮ ሸሽቶ ሳይሆን በኑሮው መካከል ሆኖ ፈለገው።

ሁለተኛው ጥያቄ የተማሪዬ ነው። ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ልጁ ለሞተበት፣ ተመርቆ ሥራ ላጣ ሰው ስለ ደስታ መናገር ፌዝ አይሆንምን? ሊሆን ይችላል። የተራበ ሰው የሚያስፈልገው እህል እንጂ ስለ አመስጋኝነት የሚሰጥ ምክር አይደለም። ከላይ ከጠቀስኋቸው ስድስት ነገሮች ገቢና ጤና፣ ነጻነትና ከሙስና የጸዳ አስተዳደር አሉበት፤ ሰላም ደግሞ ለሁሉም መሠረት ነው። እነዚህን ጎረቤት ብቻውን አያመጣቸውም። ስለ ውስጣዊ ደስታ የሚነገር ንግግር ፍትሕን ለማስረሳት ከዋለ ባይነገር ይሻላል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሰላሙና ፍትሑ እስኪሟላ ድረስ ኑሮ አይቆምም። ሰላሙ ሲመጣም ለብቻው የለመደ ሰው ደስ አይለውም።

ታዲያ በየቀኑ ምን እናድርግ? ከመምህር ይልቅ እንደ ጎረቤት አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የለመድነውን እንደገና እንይ። ሰው ለምዶ እንደሚረሳ ጥናቱ ነግሮናል፤ መድኃኒቱ ማስተዋል ነው። ከክረምት በኋላ የጉናን ጫፍ ደመና ሲለቅቀው፣ የመጀመሪያው የገብስ እሸት ሲጠበስ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በሰላም ሲገባ፣ ለአንድ አፍታ ቆም ብለን «ይህም አለ» እንበል።

ሁለተኛ፣ በቀን አንድ ሰው ደስ እናሰኝ። ገንዘብ አይጠይቅም። የታመመን መጠየቅ፣ ለቆየ ወዳጅ መደወል፣ ለባልደረባ የሠራውን መልካም ሥራ በፊቱ መናገር ይበቃል። እኛ ሰውን ከሞተ በኋላ ማመስገን እንችልበታለን፤ በሕይወት ሳለ ብንጀምር ምን ይጎድልብናል?

ሦስተኛ፣ ሸክሙን እንካፈል። በቤት ውስጥ ውኃውንና ማጀቱን፣ በሰፈር የድግሱን ወጪ። ሽማግሌዎቻችንና የሃይማኖት አባቶቻችን ድግስ እንዲቀንስ ቢመክሩ ብዙ ወጣት ትዳሩን በዕዳ ከመጀመር ይድናል።

አራተኛ፣ ሐዘንን አንደብቅ። ይህን በተለይ ለወንዶች ልጆቻችን እላለሁ። ባለፉት ዓመታት ብዙዎች ያዩትን ለማንም ሳይናገሩ ዶርም ውስጥ ተጠቅልለው ያድራሉ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንላለን፤ ብቻውን ያዘነም እንዲሁ ነው። ለወዳጅ ንገሩ፤ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ሕይወት ካስጠላችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ይህ ነውር አይደለም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስና ላብቃ። ከተማችን ስሟን የምትጋራው በዓል፣ ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ ቡሄ የምንለው ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሄ በዋለበት ዕለት ነፋስ መውጫ በተዋጊዎች እጅ ነበረች፤ በደብረ ታቦርም ብዙ ቤት በስጋት ነበር። በዚያ ምሽት እኛ ሰፈር ልጆች ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። አራት ልጆች መጡ። እንደ ወትሮው ዱላቸውን መሬት እየመቱ በደጃችን ጨፈሩ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ አድርገው ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ተፈናቅለው ከዘመድ ቤት የተጠጉ መሆናቸውን ባለቤቴ በኋላ ነገረችኝ። ሙልሙሉን ሰጠናቸው፤ እነርሱም እንደ ደንቡ መርቀውን ሄዱ። የሚበሉት የጎደላቸው ልጆች ጠግቦ ለሚያድር ቤት ዓመቱ የደስታ እንዲሆንለት መረቁ።

ልጄ፣ ዛሬ የት እንዳለህ አላውቅም፤ ይህ ጽሑፍ ቢደርስህ መልሴ ይህ ነው። ደስታ ለእኛም ነው። ነገር ግን ለእኔ ብቻ፣ ወይም ላንተ ብቻ ሆኖ አይመጣም። ያን ምሽት የሰጡትና የተቀበሉት እነማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ በሁለቱም ወገን ግን ደስ ያለው ሰው ነበር።